ደም፣ ቁስልና ኤች አይ ቪ፦ ለአንድ ማስጠንቀቂያ የተሰጠ ምላሽ

ኤች አይ ቪ በቁስል አማካይነት ስለመተላለፉ የሚያስጠነቅቅ አንድ ጽሑፍ ሰሞኑን በብዙ ሰዎች እጅ ገብቶ አይቻለሁ። ጽሑፉ በመሠረቱ አምስት ነገሮችን ይላል። ቫይረሱ ካለበት ሰው የወጣ ደም በማናቸውም ቁስል ላይ፣ ጭረትም ቢሆን፣ ካረፈ መያዝ አይቀሬ ነው ይላል። ደሙ ከደረቀም በኋላ ቫይረሱ በምላጭ፣ በልብስና በወለል ላይ ለሳምንታት እንደሚቆይ ይናገራል። ከዚህ ተነሥቶ ጓንት የሌለው ሰው በአደጋ የሚደማን ሰው ባይነካ እንደሚሻል ይመክራል፤ ቫይረሱ በደማቸው ውስጥ ያለ ሰዎችም ከፀጉር ሥራ፣ ከምግብ ሥራና ከሕፃናት ጥበቃ ቢርቁ ለሁሉም እንደሚበጅ ያሳስባል። በመጨረሻም የተጋለጠ ሰው ቁስሉን ጨምቆ፣ በአልኮል ወይም በበረኪና አጥቦ፣ ሦስት ወር ጠብቆ ከመመርመር በቀር ሌላ ምርጫ እንደሌለው ይነግረናል።

ጸሐፊው ይህን የጻፉት ሰው እንዲጠነቀቅ ፈልገው እንደሆነ አልጠራጠርም። በነርስነት ስሠራ ከደም ጋር ውዬ የማድር ሰው ስለነበርኩ፣ ደም በጥንቃቄ መያዝ እንዳለበት ከእሳቸው ጋር ክርክር የለኝም። ችግሩ ጽሑፉ ፍርሃቱን የከመረው አደጋው እጅግ አነስተኛ በሆነበት ቦታ ላይ መሆኑ፣ ሰዓት በሚቆጠርበት ቦታ ላይ ግን የተጋለጠውን ሰው እጁን አጣጥፎ እንዲቀመጥ ማድረጉ ነው።

ስለዚህ ተራውን አዛብቼ ከመጨረሻው ነጥብ እጀምራለሁ። ለቫይረሱ ተጋልጧል የሚባል ሰው በ72 ሰዓት ውስጥ ጀምሮ ለ28 ቀናት የሚወስደው የመከላከያ መድኃኒት አለ፤ በጤና ተቋማት ውስጥ በተለምዶ ፔፕ ይባላል። በአሁኑ ጊዜ በአብዛኛው የሚሰጠው ቴኖፎቪር፣ ላሚቩዲንና ዶሉቴግራቪር በአንድ እንክብል የተጠቃለሉበት፣ በቀን አንድ ጊዜ የሚዋጥ መድኃኒት ሲሆን፣ የፀረ ኤች አይ ቪ ሕክምና በሚሰጡ ሆስፒታሎችና ጤና ጣቢያዎች ይገኛል። ነገሩ አዲስ ግኝትም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1997 የታተመ፣ በአሜሪካና በአውሮፓ በመርፌና በስለት ከተወጉ የጤና ሠራተኞች መካከል የተያዙትን ካልተያዙት ጋር ያነጻጸረ ጥናት፣ በዚያን ጊዜ የነበረው ዚዶቩዲን ብቻውን እንኳ የመያዝን ዕድል በ81 በመቶ ገደማ እንደቀነሰ አሳይቷል። የዛሬዎቹ መድኃኒቶች ከዚያኛው ይልቅ ጠንካሮች፣ ለሚውጣቸውም ሰው የሚቀሉ ናቸው።

ሰዓቱ ይህን ያህል ወሳኝ የሆነው ቫይረሱ በተወጋው ቦታ ገብቶ ወዲያው በመላው አካል ስለማይሠራጭ ነው። መጀመሪያ እዚያው አካባቢ ያሉትን የመከላከያ ሕዋሳት ይይዛል፤ ከዚያ በቀናት ውስጥ እነዚሁ ሕዋሳት ወደሚከማቹባቸው ሊምፍ ዕጢዎች ይደርሳል፤ አንዴ እዚያ ተባዝቶ ከተደላደለ በኋላ ግን ዛሬ ያሉት መድኃኒቶች ሊያፍኑት እንጂ ከሰውነት ጠርገው ሊያወጡት አይችሉም። እ.ኤ.አ. በ1998 በይፋ የወጣ፣ የኤች አይ ቪ ዘመድ በሆነ ቫይረስ ሆን ተብለው በተበከሉ ጦጣዎች ላይ የተደረገ ሙከራ ይህን በግልጽ አሳይቷል። ቴኖፎቪር በ24 ሰዓት ውስጥ ተጀምሮላቸው ለ28 ቀናት የቀጠለላቸው ሁሉ ከቫይረሱ አመለጡ፤ በ48 ወይም በ72 ሰዓት ከተጀመረላቸው፣ እንዲሁም የመድኃኒቱ ቀናት ካጠሩባቸው መካከል ግን የተያዙ ነበሩ። ስለዚህ 72 ሰዓት የመጨረሻው ገደብ እንጂ የቀጠሮ ጊዜ አይደለም፤ ሌሊት የተወጋ ሰው እስኪነጋ መጠበቅ የለበትም።

የጽሑፉ ምክር ምን ሊያስከትል እንደሚችል የሚያሳይ አንድ ገጠመኝ ልጥቀስ። በሠራሁበት አንድ ሆስፒታል አንዲት የጽዳት ሠራተኛ በቆሻሻ የተሞላ ጥቁር ላስቲክ አንጠልጥላ ወደ ማቃጠያው ስትሄድ፣ በላስቲኩ ውስጥ የተጣለ መርፌ ባቷን ወጋት። መርፌው መግባት የነበረበት በየክፍሉ ጥግ ለዚሁ በሚቀመጠው ቢጫ ካርቶን፣ ሴፍቲ ቦክስ በምንለው፣ ውስጥ ነበር። ሴትየዋ የተወጋችበትን ቦታ እየጨመቀች ደም አወጣች፣ በአልኮል አሸችው፣ ለማንም ሳትናገርም ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ወደ እኛ የመጣችው በሳምንቱ ነበር፤ ያውም ሦስት ወር እስኪሞላ ልትጠብቅ ቆርጣ ሳለ እንቅልፍ ስላጣች ብቻ ነው። የመድኃኒቱ ጊዜ አልፎ ስለነበር ከማጽናናትና ከመከታተል በቀር የምናደርግላት አልነበረንም። በኋላ ነጻ መሆኗ ታወቀ፤ ግን እነዚያን ወራት እንዴት እንዳሳለፈቻቸው ያየ ሰው፣ ጠብቆ ከመመርመር በቀር ምርጫ የለም የሚለውን ዓረፍተ ነገር በቀላሉ አይጽፈውም ነበር።

ቁስልን መጭመቅ ቫይረሱን እንደሚያወጣ የሚያሳይ ማስረጃ የለም፤ አካባቢውን ያቆስላል፣ ደም ወደዚያው እንዲጎርፍ ያደርጋል። በረኪና ደግሞ ጤናማውን ሥጋ ያቃጥላል፤ የተቃጠለ ሥጋ ለማንኛውም ተሕዋስ በር ይከፍታል። መደረግ ያለበት ቀላል ነው፦ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ማጠብ፤ ደሙ ዓይን ውስጥ ከገባ በብዙ ንጹሕ ውኃ ደጋግሞ ማጠብ፤ ከዚያ በቀጥታ ወደ ጤና ተቋም መሄድ። እዚያም የመጀመሪያው ምርመራ በዚያው ቀን ይደረጋል። ይህ ምርመራ አዲሱን አደጋ ሊያሳይ አይችልም፤ ዓላማው ሰውየው ከዚህ በፊት ቫይረሱ እንዳልነበረበት ማረጋገጥ ነው፣ ቀድሞ የነበረበት ሰው የሚያስፈልገው የ28 ቀን መከላከያ ሳይሆን ሙሉ ሕክምና ነውና። ደሙ የፈሰሰው ሰው ፈቃደኛ ሆኖ ተመርምሮ ነጻ ከሆነና በቅርብ ጊዜ ተጋልጧል የሚያሰኝ ነገር ከሌለ፣ መድኃኒቱ ሊቋረጥ ይችላል። ጸሐፊው የጠቀሱት የሦስት ወር ምርመራ በእርግጥ አለ፤ ግን እሱ የሂደቱ መጨረሻ ነው።

አሁን ወደ መጀመሪያው ነጥብ ልመለስ፤ ሌሎቹ ሁሉ የቆሙት በእሱ ላይ ነው። ደም በቁስል ላይ ካረፈ መያዝ አይቀሬ ነው የሚለው አባባል ከሚታወቁት ቁጥሮች ጋር ጨርሶ አይገናኝም። ቫይረሱ ያለበት ደም በመርፌ በቀጥታ ወደ ሥጋቸው የገባባቸው የጤና ሠራተኞች ለረጅም ዓመታት ክትትል ሲደረግላቸው፣ መድኃኒት ባልወሰዱት መካከል እንኳ ከ1,000 ሰዎች የተያዙት 3 ገደማ ናቸው። ደሙ በዓይን፣ በአፍንጫ ወይም በአፍ ውስጥ በረጨ ጊዜ አደጋው ከዚያም ያንሳል፤ ከ10,000 ውስጥ 9 ገደማ ነው። በተጫጫረ ወይም በቆሰለ ቆዳ ላይ ሲያርፍ ደግሞ ከዚህም ዝቅ እንደሚል ይገመታል፤ የተመዘገቡት ክስተቶች በጣም ጥቂት ከመሆናቸው የተነሣ በመቶኛ ለማስላት እንኳ አልተመቸም። ጤናማ ቆዳ ላይ ያረፈ ደም ኤች አይ ቪን አያስተላልፍም። ጸሐፊው አይቀሬ ያሉት ነገር በትክክል የሚሠራው አንድ ቦታ ላይ ነው፤ ቫይረሱ ያለበት ደም በከረጢት ለሌላ ሰው ሲሰጥ። በዚያን ጊዜ ከ10 ተቀባዮች 9ኙና ከዚያም በላይ ይያዛሉ፤ የሚለገስ ደም ሁሉ የሚመረመረውም ለዚህ ነው።

ልዩነቱ የሚመጣው ከመጠኑና ከመግቢያው ነው። ቆዳችን ከላይ የተነባበረ የሞቱ ሕዋሳት ግድግዳ ነው፤ ኤች አይ ቪ ደግሞ የሚራባው በሕይወት ባለ፣ ለእሱ በሚስማማ የመከላከያ ሕዋስ ውስጥ ብቻ ነው። ትኩስ ቁስል ደም ወደ ውጭ ይገፋል፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ይረጋል፤ ቅርፊት ከያዘ በኋላም ተዘግቷል። የትናንት የሽንኩርት ቢላዋ ጭረት ወይም ጫማ የላጠው ቆዳ በዚህ ሁኔታ ላይ ያለ ቁስል ነው። ከላይ የጠቀስኩት የ1997 ጥናት በመርፌ ከተወጉት መካከል እነማን ይበልጥ እንደተያዙ ሲመረምር፣ ጥልቅ የሆነ መወጋት አደጋውን 15 እጥፍ ገደማ፣ በመሣሪያው ላይ በዓይን የሚታይ ደም መኖር 6 እጥፍ ገደማ፣ መርፌው በቀጥታ ከደም ሥር የወጣ መሆኑ ደግሞ 4 እጥፍ ገደማ ከፍ እንደሚያደርገው አግኝቷል። የታካሚው በኤድስ ሞት አፋፍ ላይ መሆኑም እንዲሁ አደጋውን ያባብሳል፤ በዚያ ደረጃ ላይ በደም ውስጥ ያለው የቫይረስ ብዛት ከፍተኛ ነውና። እነዚህ ሁሉ የሚነግሩን ጥልቀት፣ መጠንና የቫይረሱ ብዛት አንድ ላይ ሲገጥሙ አደጋው እንደሚያድግ ነው። ጭረትና ጠብታ እነዚህን አያሟሉም።

ይህን ስል በቁስል በኩል መተላለፍ ፈጽሞ አልታየም ማለቴ አይደለም፤ እንዲያ ብል እኔም በተቃራኒው አቅጣጫ አጋነንኩ። እ.ኤ.አ. በግንቦት 1987 የአሜሪካ የበሽታዎች መቆጣጠሪያ ማዕከል ያለ መርፌ ውጋት የተያዙ የሦስት የጤና ሠራተኞችን ታሪክ ይፋ አድርጎ ነበር። አንደኛዋ ልቡ ቆሞ በነበረ ታካሚ ላይ ርብርብ ሲደረግ በባዶ እጇ የደም ሥሩን ተጭና የያዘች ናት፤ እጇ በድርቀት የተሰነጣጠቀ ነበር፣ ደሙም በጣቷ ላይ 20 ደቂቃ ያህል ቆይቷል። ሁለተኛዋ ደም በምትቀዳበት ጊዜ የብልቃጡ ክዳን ፈንጥሮ ደሙ ፊቷንና አፏን አለበሳት፤ ፊቷ ላይ ብጉር ነበረባት። ሦስተኛዋ ደምን ከሚለይ መሣሪያ የፈሰሰ ደም እጆቿንና ክንዷን ሸፍኖባት ነበር፤ በእጇ ላይ ቁስል ባይኖርም ጆሮዋ ላይ የቆዳ በሽታ ነበረባት፣ በዚያ እጇም ሳትነካው እንዳልቀረች ተገምቷል።

እነዚህን ሦስት ታሪኮች ደጋግሜ ያነበብኳቸው በብዙ ነገር ስለሚያስተምሩ ነው። በሦስቱም ደሙ ትኩስ ነው፤ በሁለቱ መጠኑ ብዙ ነው፣ በአንዷ ደግሞ መጠኑ ቢያንስም የቆየበት ጊዜ ረጅም ነው፤ ቆዳውም በአንድ ቦታ የተጫረ ሳይሆን በስንጥቅ፣ በብጉር ወይም በቆዳ በሽታ የተጎዳ ነው። ዘመኑም ሌላ ነው፤ የዚያን ጊዜ ታካሚዎች ቫይረሱን የሚያፍን ሕክምና አልነበራቸውም። ከዚያ ዘገባ በኋላ በዚያው ዓመት የማንኛውንም ታካሚ ደም ቫይረስ እንዳለበት ቆጥሮ በጓንት መያዝ የጤና ተቋማት ሁሉ መመሪያ ሆነ፤ ውጤቱም ታየ። ከ1985 እስከ 2013 እ.ኤ.አ. በመላው አሜሪካ በሥራ ላይ መያዛቸው የተረጋገጠ የጤና ሠራተኞች 58 ሲሆኑ፣ ከ1999 ወዲህ የተመዘገበው አንድ ብቻ ነው፤ እሱም በ2008 ሕያው ቫይረስ በሚራባበት ላቦራቶሪ ውስጥ በመርፌ የተወጋ ባለሙያ ነው። በየቀኑ ስንት ሺህ እጆች ደም እንደሚነኩ የሚያስብ ሰው፣ አይቀሬ የሚለው ቃል እዚህ ምን ያህል ከቦታው እንደወጣ ይገባዋል።

ሌላም በይፋ የሚታወቅ ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ1988 በተካሄደው የሴኡል ኦሊምፒክ ግሬግ ሉጋኒስ የተባለው አሜሪካዊ የውኃ ዘላይ ጭንቅላቱ ከመዝለያው ሰሌዳ ጋር ተጋጭቶ እየደማ ገንዳው ውስጥ ወደቀ፤ ሐኪሙም ያለ ጓንት ቁስሉን ሰፋለት። ሉጋኒስ በዚያን ጊዜ ቫይረሱ በደሙ እንዳለ ያውቅ ነበር፣ ለሕዝብ የተናገረው ግን በ1995 ነው። ሐኪሙ ተመርምሮ ነጻ ሆነ፤ ከገንዳው የተያዘም የለም። ስለ ስፖርት ከተነሣ ደግሞ፣ ቁስል የዕለት ጉዳይ በሆነበት በአሜሪካን ፉትቦል (ከእኛው እግር ኳስ የተለየ፣ በእጅም የሚጫወቱት) ሊግ ላይ የተሠራና በ1995 የታተመ ስሌት፣ በጨዋታ ላይ የመተላለፍ ዕድሉን ከ85 ሚሊዮን የተጫዋቾች ግጭት ከአንድ ያነሰ አድርጎ ገምቶታል። እ.ኤ.አ. በ1990 ከጣሊያን የመጣ፣ ሁለት ኳስ ተጫዋቾች ተጋጭተው ቅንድባቸው በመሰንጠቁ አንዱ ተይዟል የሚል አንድ ዘገባ መኖሩን አልደብቅም፤ ነገር ግን ሌላ የመተላለፊያ መንገድ አለመኖሩ በእርግጠኝነት ስላልታወቀ ብዙ ባለሙያዎች አልተቀበሉትም።

ቫይረሱ በደረቀ ደም ላይ ለሳምንታት ይኖራል ስለሚለው፣ ጸሐፊው ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ያደባለቁ ይመስለኛል። አንዱ ከሲሪንጅ ጋር የተያያዘ ነው፦ አየር በማያገኘውና በማይደርቅበት ሲሪንጅ ውስጥ የቀረ ደም፣ ቀዝቀዝ ባለ ቦታ፣ ሕያው ቫይረስ እስከ 42 ቀናት ድረስ ተገኝቶበታል፤ ሙቀቱ ሲጨምር ግን ይህ ጊዜ በጣም ያጥራል። ስለዚህ ያገለገለ ሲሪንጅ ምንጊዜም ሥጋት ነው፣ በዚህ እንስማማለን። በአየር ላይ የፈሰሰ ደም ግን ሌላ ነው። ቫይረሱ የተሸፈነበት የቅባት ልባስ ሲደርቅ ስለሚበላሽ፣ በላቦራቶሪ ውስጥ በሰው ደም ከሚገኘው እጅግ የበዛ ቫይረስ ተይዞ በተደረገ ሙከራ እንኳ ከ90 እስከ 99 በመቶ የሚሆነው በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ሞቷል። ወለል ላይ የደረቀ ደም ሰውን ያስያዘበት ክስተት አይታወቅም። ለንጽሕናውማ ደሙን በወረቀት ወይም በጨርቅ መጥጦ፣ አንድ እጅ በረኪና ከዘጠኝ እጅ ውኃ ጋር በጥብጦ ቦታውን መጥረግ በቂ ነው፤ በረኪና ቦታው እዚህ ነው።

ምላጭን በተመለከተ ግን ጸሐፊው ከሞላ ጎደል ትክክል ናቸው፤ የተሳሳቱት አጽንዖቱን በማስቀመጥ ላይ ነው። ጽሑፉ ብዙ ቦታ የሰጠው ለፀጉር ቤት ነው። ቶንዶሱን አልኮል አርከፍክፎ በእሳት የሚለበልብ፣ ምላጩንም ደንበኛው ፊት ከወረቀቱ አውጥቶ የሚሰብር ፀጉር አስተካካይ የሚያስፈራ አይደለም። ሊያስፈራ የሚገባው በአንድ ምላጭ ተራ በተራ ብዙ ሕፃናትን የሚገርዝ ወይም እንጥል የሚቆርጥ ሰው ነው፤ እዚያ ስለቱ ሥጋ ይቆርጣል፣ ደሙም ሳይደርቅ ወደሚቀጥለው ልጅ ይሻገራል። ንቅሳትና ዋግምትም መሣሪያው ካልተቀየረ እንዲሁ ናቸው። በቤት ውስጥ የምታዋልድ ሴትም፣ በሥራ የተሰነጣጠቀ እጇ ለረጅም ሰዓት በደም ተነክሮ ስለሚቆይ፣ ከላይ ካየናቸው ከሦስቱ የአሜሪካ ሠራተኞች ከመጀመሪያዋ ጋር ተመሳሳይ ሁኔታ ላይ ትገኛለች። ስለነዚህ ጽሑፉ አንድ መሥመር አልጻፈም። እኔ ቢሆን ገጹን ሁሉ ለእነሱ በሰጠሁ ነበር።

የሚደማን ሰው አትንኩ የሚለው ምክር ነው ይበልጥ ያስቆጣኝ። በመንገድ አደጋ የተመታ ሰው ከጭኑ የደም ሥር ሲደማ የሚሞተው በደቂቃዎች ውስጥ ነው፤ ዳር ቆሞ የሚያየው ሰው የሚሸሸው አደጋ ግን፣ ቁጥሩን እንዳየነው፣ ለማስላት እንኳ የሚያዳግት ነው። ጓንት ከሌለ በየኪሱና በየሱቁ ያለው ፌስታል ይበቃል፤ እጅን በፌስታል ሸፍኖ፣ ነጠላ ወይም ሸሚዝ አጣጥፎ፣ በሚደማው ቦታ ላይ ጠበቅ አድርጎ መጫን ነው። ፌስታልም ከሌለ ወፍራም ጨርቅ። ጉዳተኛው አቅሙ ካለውም በገዛ እጁ እንዲጫን ማድረግ ይቻላል። ደም እጅ ላይ ከደረሰ በሳሙና መታጠብ፣ እጅ ላይ ትኩስ ቁስል ከነበረና ደሙ ብዙ ከነበረ ደግሞ በዚያው ቀን ስለ ፔፕ መጠየቅ ነው። ከዚህ ውጪ ማንም ሰው ወድቆ የሚደማን ሰው አልፎ እንዲሄድ የሚያበቃ የሕክምና ምክንያት የለም።

ቫይረሱ በደማቸው ያለ ሰዎች ከአንዳንድ ሥራዎች ቢርቁ የሚለውን በአጭሩ ላልፈው ፈልጌ ነበር፤ አልቻልኩም። እ.ኤ.አ. በ2016 በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ከሆኑ ኢትዮጵያውያን ቫይረሱ የተገኘባቸው 0.9 በመቶ ናቸው። መድኃኒቱ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በነጻ ስለሚሰጥ ብዙዎቹ በሕክምና ላይ ናቸው፤ በደማቸው ውስጥ ያለው ቫይረስም በምርመራ ሊታይ እስከማይችልበት ድረስ ወርዷል። እንዲህ ያለ ሰው በግብረ ሥጋ ግንኙነት ቫይረሱን እንደማያስተላልፍ በትላልቅ ጥናቶች ተረጋግጧል። በመርፌ ውጋት በኩል ዜሮ ነው ተብሎ በዚያው እርግጠኝነት ባይነገርም አደጋው እጅግ ይቀንሳል። ታዲያ ፀጉር ቤት ውስጥ ሊያሰጋ የሚችለው መድኃኒቱን በአግባቡ የሚወስደው አስተካካይ ነው ወይስ በደሙ ያለውን ሳያውቅ ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ደንበኛ? ምግብ በማብሰል ደግሞ ቫይረሱ የተላለፈበት ክስተት የለም፤ የሥራ ልብስ አውልቆ ወደ ቤት የሚመለሰውን አብሳይ ከሥራው ማባረርም ራሱ ሕገ ወጥ ነው፣ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በኤች አይ ቪ ምክንያት በሠራተኞች መካከል ልዩነት ማድረግን ይከለክላልና። እንደ ቤተሰብ አብረው የኖሩ ሰዎችም ተጠንተዋል፦ እ.ኤ.አ. በ1986 የታተመ ጥናት ከኤድስ ሕሙማን ጋር አንድ ቤት የኖሩ ከ100 በላይ ሰዎችን መርምሮ፣ ጥቂቶቹ ምላጭና የጥርስ ብሩሽ ሳይቀር በጋራ ይጠቀሙ የነበረ ቢሆንም፣ ከእናቱ እንደያዘው ከሚገመት አንድ ሕፃን በቀር የተያዘ አላገኘም። ስለ ሕፃናት ጥበቃ በእውነት ማስጠንቀቅ ለሚፈልግ አንድ ነገር አለ፤ በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ ዘገባ፣ ቫይረሱ ያለባቸው፣ አንዳንዶቹም ድዳቸው ይደማ የነበረ አሳዳጊዎች ምግብ አላምጠው በማጉረሳቸው ሳይያዙ እንዳልቀሩ የተገመቱ ሦስት ሕፃናትን መዝግቧል። ይህ ልማድ ባለባቸው አካባቢዎች ሊነገር የሚገባው እሱ ነው።

ደምን ከሰው ዓይነት ጋር አያይዞ መፍራት ወዴት እንደሚያደርስ ደግሞ ለእኛ ሰው ሩቅ ታሪክ አይደለም። በእስራኤል ቤተ እስራኤላውያን የለገሱት ደም ኤች አይ ቪ ይኖርበታል በሚል ፍርሃት በምስጢር ሲጣል መቆየቱ በጥር 1996 እ.ኤ.አ. በጋዜጣ ሲጋለጥ፣ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች በኢየሩሳሌም በጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤት ፊት ተቃውሞ ወጡ፤ ጉዳዩንም በቀድሞው ፕሬዚዳንት ይስሐቅ ናቮን የሚመራ ኮሚሽን መረመረው። ለጋሾቹ እጃቸውን ዘርግተው፣ ተመስግነው ተሸኝተው ነበር፤ ከረጢቱ ወዴት እንደሚሄድ ግን ማንም አልነገራቸውም። ሰውን በትውልዱ ወይም በመልኩ ጠርጥሮ መራቅ የሚከላከለው ነገር የለም፤ የሁሉንም ሰው ደም በእኩል ጥንቃቄ መያዝ ግን ማንንም ሳያስቀይም ይከላከላል።

አንድ ነገር ቀርቷል፤ እሱም ጽሑፉ ጭራሽ ያላነሣው ነው። በቁስልና በደም ንክኪ የሚያስፈራ ቫይረስ የሚፈልግ ሰው ሊፈራው የሚገባው ሄፓታይተስ ቢን ነው። ክትባት ያልወሰደ ሰው ይህ ቫይረስ ባለበት መርፌ ቢወጋ የመያዝ ዕድሉ ከ6 እስከ 30 በመቶ ይደርሳል፤ ከ1,000 ሦስት ከሚለው የኤች አይ ቪ ቁጥር ጋር ማነጻጸር ነው። በደረቀ ደም ላይም ቢያንስ ለ7 ቀናት ይቆያል፤ ጸሐፊው ስለ ኤች አይ ቪ የጻፉት ብዙው ነገር ስለ እሱ ቢሆን ኖሮ እውነት ይሆን ነበር። በአገራችንም ከኤች አይ ቪ በብዙ እጥፍ የሚገኝ ነው። ክትባት ግን አለው። በአገራችን አምስት በሽታዎችን በአንድ ላይ በሚከላከለው የሕፃናት ክትባት ውስጥ የገባው በ1999 ዓ.ም. ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት የተወለዱት አብዛኞቻችን አልተከተብንም። ፀጉር አስተካካዮች፣ የጽዳት ሠራተኞች፣ አዋላጆችና የአምቡላንስ ሠራተኞች በስድስት ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ የሚሰጠውን ክትባት አስቀድመው ቢወስዱ ይገባል፤ ሳይከተብ የተወጋ ሰው ደግሞ ስለ ፔፕ በሚጠይቅበት በዚያው ጊዜ የሄፓታይተስ ቢ ክትባትንም ይጠይቅ፣ ተመራጩ በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ውስጥ ሲጀመር ነውና።